ወላዷን ብቻዋን አታስገቧት

ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ፦

ጤና ይስጥልኝ። የከተማው ነዋሪና የልጆች እናት ነኝ፣ ልጆቼንም የወለድኩት ጤና ተቋም ነው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችውን አንድ ሰው ይዛ ማዋለጃ ክፍል እንድትገባ ፍቀዱላት። እናቷ ትሁን፣ እህቷ፣ ጎረቤቷ ወይ ባሏ፣ ምርጫው የሷ ይሁን።

ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ሴቶች ለምን ጤና ጣቢያ መጥተው ይወልዳሉ፣ ለምንስ ይቀራሉ ለሚለው ጥያቄ ትልቁ መልስ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተሠራውን ልመስክር። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ጤና ተቋም ውስጥ የሚወለዱት ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደረሱ። ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሱ፣ ወሊድ በነፃ መሆኑ፣ ገንፎና ቡና የሚዘጋጅባቸው የእናቶች ማቆያዎች፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሴቶቹም ስለተመከሩ ብቻ አይደለም የሚመጡት። ደም ፈሷት ስላለፈች ሴት ያልሰማ ማን አለ? የእንግዴ ልጅ አልወጣ ሲል፣ ደም አልቆም ሲል፣ የልምድ አዋላጇ እጅ ላይ ምንም የለም። ጤና ጣቢያ ግን ማህፀንን አኮማትሮ ደም የሚያቆመው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ አለ፣ ደም ግፊቷ ጨምሮ ለሚያንቀጠቅጣትም ማግኒዥየም ሰልፌት አለ። ይህን ሴቶቻችን ያውቁታል። ቤት የወለደችውን ሁሉ «ያልገባት» የሚሉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል።

ታዲያ እያወቀች ለምን ትቀራለች? የመንገድ ነገር አለ፣ ማታ መኪና ማጣት አለ፣ ወሊዱ ነፃ ቢሆንም ለመመላለሻና ለምግብ የሚወጣ ብር አለ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያያቸዋል የሚለው አለ። እነዚህን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ከአጎራባቹ ከቃሉ ወረዳ ገጠር የመጡትም ሆኑ እዚሁ ከተማ ያሉት ቡና ላይ ሲያወሩ ደጋግሜ የምሰማው ግን ሌላ ነው። «ብቻዬን ነበርኩ» ነው የሚሉት። በሩ ላይ እናቷን ትታ ገባች፣ ማንም የሚያውቃት ሰው በሌለበት አማጠች፣ ስትጮህ «ዝም በይ» ተባለች፣ ተንበርክኬ ልማጥ ስትል በጀርባሽ ተኚ ተባለች። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም፣ ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ይህችን ሴት የሰማች ጎረቤት ግን በሚቀጥለው ወር ምጥ ሲይዛት «ትንሽ ልቆይ» ትላለች፣ ያ ትንሽ ቆይታ ነው ብዙ ጊዜ የሚገድለው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሴት ሠራተኞች ደግሞ አስቡልኝ። ከሩቅ ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው። እናት አጠገባቸው የለችም። አብራት የምትኖረው የሥራ ጓደኛዋ ናት፣ እሷን «ቤተሰብ አይደለሽም» ብሎ ደጅ ማስቀረት ምን ይባላል?

አዋላጆቹን እየወቀስኩ አይደለም። ሌሊት ብዙ ወላድ በአንድ አዋላጅ እጅ ስትወድቅ ማን ጸባዩ ሳይለወጥ ይቀራል? አጠገቧ የምትቀመጥ ሴት ወገቧን ታሻላታለች፣ ውሃ ታቀብላታለች፣ ደም ሲበዛ ሮጣ ትጠራለች። ማርያምን የምትጠራም ብትሆን ዱዓ የምታደርግ፣ አይዞሽ የሚላት የራሷ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ መመሪያ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፣ ስለ አቀማመጧም ምርጫው የሷ ይሁን ይላል። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶችም ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኘች ሴት ምጧ እንደሚያጥር፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏም እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ክፍሉ አንድ ነው፣ ሌሎች ወላዶች አሉ፣ ነውር ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። መፍትሔው ግን መጋረጃ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባት ከተማ በየአልጋው መሃል የሚንጠለጠል ጨርቅ አታጣም።

ሌላው ሪፈር ነው። ወደ ደሴ ስትላክ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ የምትወጣው እየደማች ሊሆን ይችላል። አምቡላንሱ ውስጥ ከባለሙያው ጋር አንድ የሷ ሰው ይግባ። ደም የሚለግስም፣ ፊርማ የሚፈርምም ሰው ያስፈልጋታልና።

ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃም ትልቅ በጀትም አያስፈልግም። በየጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል በር ላይ «አንድ ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ጥበቃውም ይነገረው፣ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው እሱ ነውና። ስትወጣም ሁለት ጥያቄ ጠይቋት፦ ሰው አብሮሽ ነበር? እህትሽን እዚህ ትልኪያታለሽ? መልሱን ስንት እናት ወለደች ከሚለው ቁጥር ጎን ሪፖርታችሁ ላይ አስገቡት።