«ቫልቩ የት አለ?» የሞተር ቡድናችን ዓመት

ይህን ዘገባ የምጽፈው የአማርኛ መምህር ነኝ። የሞተር ቡድን ተጠሪ እንዴት እንደሆንኩ ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው። ክበባት ሲከፋፈሉ ስብሰባው ላይ አርፍጄ ደረስኩ። ሚኒ ሚዲያው፣ ቀይ መስቀሉ፣ አካባቢ ጥበቃው ሁሉም ባለቤት አግኝተዋል። የቀረው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ሥር ያለው የሞተር ቡድን ብቻ ነበር። የእኔ የሞተር ልምድ ደግሞ እዚሁ ጅማ ውስጥ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ከኋላ ተፈናጥጦ መሄድ ነው፤ ያውም ዓይኔን ጨፍኜ።

በመስከረም መጨረሻ 23 ተማሪዎች ተመዘገቡ። 9ኙ ሴቶች ናቸው። የተሰጠን ክፍል የድሮው ዕቃ ቤት ግማሽ ነው፤ ግድግዳው ከሚኒ ሚዲያው ጋር ይጋራል። ይህ ግድግዳ ወደ ኋላ ላይ ይመጣል። ሀብታችን አንዲት ያረጀች ያማሃ ዲቲ 125 ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ከአገልግሎት ውጪ አድርጎ የሰጠን ናት። ጎማዋ ሞቷል፣ ኮርቻዋን አይጥ በልቶታል። ከተነሳች ስንት ዓመት እንደሆናት የሚያውቅ አልነበረም።

የምታነቡት የቡድኑ ዘገባ ነው፤ ግን የአንድ ሰው መታሰቢያም ነው። ሁለቱን ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም።

ሰውየው መካኒክ ነበር። ተማሪዎቹ «ጋሼ» ይሉታል፣ እኔም ተከተልኳቸው። ስሙን የማልጽፈው ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ግቢያችን ውስጥ በስሙ የጠራው ሰው የለም። አንቱታ ግን አይወድም ነበር። «አንቱ የሚባለው ሽማግሌ ነው፣ እኔ ገና ሞተር እነዳለሁ» ይለን ነበር። ስለዚህ እዚህም «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ይቅር ይበለኝ።

መርካቶ አካባቢ ጠባብ የሞተር መጠገኛ ነበረችው። ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ዘግቷት ይመጣል። ክፍያ ጠይቆን አያውቅም። ሻይ ግን በሁለት ስኳር።

የመጀመሪያው ትምህርት እኔን በጣም አበሳጭቶኝ ነበር። ግድግዳችን ላይ የሞተር ቻርት ሰቅለናል። ቻርቱ የሚያሳየው ባለ አራት ምት ሞተር ነው፤ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. የሠራው ዓይነት። ጋዝ የሚገባበትንና የሚወጣበትን በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ክዳኖች፣ ማለትም ቫልቮች፣ አሉት። ጋሼ ዲቲዋን አስፈታቸውና «በሉ ቫልቩን አሳዩኝ» አለ። ልጆቹ ቻርቱን ያያሉ፣ ሲሊንደሩን ያያሉ፣ ደግመው ቻርቱን ያያሉ። ቫልቭ የለም። አንዱ «ተሰርቋል» አለ። ሌላው መሥሪያ ቤቱን ጠረጠረ። ጋሼ ሻዩን ይጠጣል። አንድ ሐሙስ አለቀ። በሁለተኛው ሐሙስ ጠጋ ብዬ «ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። «ቲቸር፣ ተያቸው ይፈልጉ። የነገርኳቸውን እስከ ማታ ይረሱታል፣ የፈለጉትን ግን አይረሱትም» አለኝ።

ያገኘችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ጣቷን ሲሊንደሩ ውስጥ ሰደደችና ግድግዳው ላይ ቀዳዳዎች እንዳሉ ተናገረች። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን ከፍ ዝቅ ስታደርገው ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ዲቲ ባለ ሁለት ምት ናት። ቻርቱ ላይ ያሉት ዓይነት ቫልቮች ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሏትም፤ የተቃጠለውን ጋዝ ማስወጫውንም ሆነ አዲሱን ማስገቢያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ፒስተኑ ራሱ ነው። አዲሱ ጋዝ የሚገባው በሞተሩ ታችኛው ክፍል አልፎ ስለሆነ ዘይት አብራ ታቃጥላለች፣ ያ ሰማያዊ ጭስም ከዚያ ነው የሚመጣው። ልጅቷ ይህን ስታገኝ የጮኸችው ጩኸት ሚኒ ሚዲያው ድረስ ተሰማ። ጋሼ አላጨበጨበም። «እሺ፣ ቻርቱን ማን ነው የሰቀለው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ጥቅምት ላይ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ መጣ። ካንዴላ ነቅሎ መልኩን ማንበብ የእሱ ልዩ ሙያ ነበር። ለጅማ ልጅ ደግሞ ምሳሌው ቡና ነው። ጫፉ በልኩ የተቆላ ቡና ከመሰለ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል። ከነጣ ነዳጅ አንሶታል፣ ሞተሩም ይግላል። ቤቷ ቡና የሚነግድ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ቡና የሚጠቁረው እሳት ሲበዛበት ነው። ካንዴላው ግን የጠቆረው ነዳጅ በዝቶበት ነው ካልክ ምሳሌው ተገለበጠ» አለችው። ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ልክ ነሽ። ቢሆንም መልኩን ያዢው፣ ምክንያቱን እኔ እይዝልሻለሁ» አላት።

ከዚያ ስለ ከፍታ ነገራቸው። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያንኑ ያህል ነዳጅ ሲሰጥ አየሩ አይበቃውም፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። በአዲስ አበባ መንገድ ግቤ በረሃ ሲወርዱ ያው ሞተር ለምን ነፍስ እንደሚዘራ ያኔ ገባኝ። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ትምህርት በመስኮት ቆሞ ሰምቶ በማግስቱ ለክፍሉ ደገመው። ስለ ጋሼ ምንም ሳይል ነው የደገመው፤ ታዝቤአለሁ።

እኔም ባዶ እጄን አልተቀመጥኩም። ልጆቹ የጋራዥ ቃላት እንዲሰበስቡ አደረግኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ትቷቸው ሄደ። ጋሼ አንድም የጣሊያንኛ ዓረፍተ ነገር አያውቅም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲያወራ ነው የሚውለው። ይህን ስነግረው «ታዲያ ለምን ፓስታው አይጣፍጠኝም?» አለ።

ኅዳር ላይ የትራፊክ ደኅንነት ሥራ ሠራን። ልጆቹ ሞተር አይነዱም፤ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቡድኑ ሕግ ነው። የነዱት ሜትር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪነካ ድረስ ማለት ነው። ከባንዲራው ምሰሶ ጀምረው 17 ሜትር ለክተው ኖራ አሰመሩ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ከፍሬን በኋላ ያለው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ሲያሰሉ ደግሞ ኖራው አለቀ። ስለ ሄልሜት ሰልፍ ላይ ያነበቡት ጽሑፍም ነበር። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ አንድ ሥራ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጋሼ ቁጥሩን ወደደው። እሱ ከጋራዡ እስከ ሻይ ቤቱ ላለችው 200 ሜትር እንኳ ሄልሜቱን ያደርጋል። ባለ ሻይ ቤቷ «ጨረቃ ላይ ልትወጣ ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ጋሼ ሁለት ሐሙስ ሳይመጣ ቀረ። «ትንሽ አሞኝ ነው» አለ በስልክ። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ መጣ፤ ከስቷል። ሻዩን ያለ ስኳር ጠየቀ። ያን ቀን ምንም አላስፈታም። ልጆቹን ግቢው በር ላይ ወስዶ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አደረገና በመንገዱ የሚያልፉትን ሞተሮች በድምፅ እንዲለዩ ጠየቃቸው። ቦክሰር፣ አፓቺ፣ ባጃጅ፣ ደግሞ ቦክሰር። ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሰንሰለቱ የላላውን ሁሉ ለየች።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ሳምንት ውስጥ አረፈ። ሌሊት ነው ያረፈው፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረ። ርዕሰ መምህራችን የከሰዓቱን ፈተና ወደ ማግስቱ አሸጋገሩልን። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ልጻፈው። ያን ሳምንት ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ሞተር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ገበያ ላይ፣ መምህራን ክፍል፣ ታክሲ ውስጥ። ሞተረኛ ሲሞት ሌላ ጥያቄ ያለ አይመስልም። ሞተር አይደለም። የጉበት ሕመም ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የወደቀው አንዴ ነው፤ እሱም የቆመች ሞተር ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ መቆሚያዋ ከድታው። ይህን ታሪክ ራሱ ነው የሚያወራው፤ እያወራም ሌላ ሰው ሳይስቅ ቀድሞ ይስቃል።

ቀብሩ ላይ የእሑድ ሞተረኞቹን አየኋቸው። ጋሼ ከእነሱ አንዱ ነበር። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ቡና ነጋዴ አለ፣ በየቀበሌው ለክትባት የሚዞር የጤና ባለሙያ አለ። እሑድ ጠዋት ከፈረንጅ አራዳ ይነሳሉ። አንዱን እሑድ ወደ ሰቃ፣ አንዱን ወደ አጋሮ፣ ዝናብ ከሆነ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ወጥተው ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ። ያን ቀን ከ30 የሚበልጡ ሞተሮች መጡ። መቃብሩ ጋ ሳይደርሱ ሞተራቸውን አጠፉና ወርደው ገፉት። ዳገት ነው። አቧራው ላይ የጎማና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ማንም አላዘዛቸውም።

ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ድንኳኑ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል፣ ከጫማው አጠገብ ሄልሜት ተደርድሯል። ልጆቹ ሄልሜቶቹን ቆጠሩ። 34። ባለቤቱ ቡና አቀረቡልንና «ሐሙስ ሐሙስ ስለ እናንተ እያወራ ነው የሚገባው። ቫልቩን ያገኘችው የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ መልስ መስጠት አቃታት። ያቺ ቤቷ ቡና የሚነግደው ተማሪ ናት ያሳየቻት።

እዚያ የሰማሁትን ልጨምር። ጋሼ እሑድ ሲነዳ ሁሌ መጨረሻ ነበር። የተበላሸበትን፣ ጎማ የፈነዳበትን እያነሳ የሚመጣው እሱ ነው። የባንክ ሠራተኛው «እሱ ከኋላ ስላለ ወደ ኋላ አናይም ነበር። አሁን ሁላችንም ስናይ አንገታችን ሊሰበር ነው» አለኝ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ምን እናድርግ አልን። ከሞተረኞቹ አንዱ በደግነት ሊያስተምር መጣ። ጥሩ መካኒክ ነው። ልጆቹ የጠየቁትን ሁሉ በ20 ደቂቃ መለሰላቸው። አመስግነው ሸኙት፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥተው «ቲቸር፣ ሌላ ሰው አታምጪብን» አሉ። አልተከራከርኩም። እኔ ቁልፍ አቀባይ ሆንኩ። አሁን 10 ቁልፍን ከ12 ቁልፍ በዓይኔ እለያለሁ።

አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ገጠመን። መጋቢት ላይ አንድ ሰውዬ ተቆጥቶ ግቢ ገባ። ለካ ልጆቹ ስድስት ጊዜ ፈትተው የገጠሙት ካርቡራተር የእሱ ነው። ጋሼ ለጥገና ተቀብሎ «ለማስተማሪያ ትንሽ ይቆይ» ብሎ አምጥቶት ኖሯል። ሰውየው ሦስት ወር በእግሩ ሲሄድ ከርሟል። ይቅርታ ጠይቀን መለስንለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም አለና ለቡድኑ ሁለት ሊትር ቤንዚን ትቶልን ሄደ።

ቤንዚኑ በግንቦት ሠራ። ልጆቹ የዲቲዋን ፋሻ፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ ቀይረዋል፣ ካርቡራተሯን አጽድተዋል። ገንዘቡ ከመዋጮ ነው፤ ዝርዝሩ ከሒሳብ ክፍል ጋር ስላለ እዚህ አልደግመውም። ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ተራ በተራ ረገጧት። በአሥራ ምናምነኛው እርግጫ አንዴ አስነጠሰች። ቀጥሎ ተነሳች። ሰማያዊው ጭስ ክፍሉን ሞላው፣ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ ሚኒ ሚዲያው ገባ። የዜና አንባቢዋ «አሁን ደግሞ ወደ ስፖርት» እንዳለች ሳል ያዛት። በድምፅ ማጉያው ግቢው ሁሉ የሰማው ሳሏንና የዲቲዋን ጩኸት ነው። ሚኒ ሚዲያውን በይፋ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አራት ደቂቃ ያህል ሠርታ ጠፋች። ካንዴላውን ነቀሉት። ጥቁር ነው። ግማሾቹ ነዳጅ እንቀንስ አሉ፣ ግማሾቹ ዘይቱ ነው የበዛው አሉ። ክርክሩ ጥበቃው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ አልቆመም። ዞረው እኔን ያዩኛል። ሻይ አዘዝኩ፣ በሁለት ስኳር፣ እና ዝም አልኩ።

ቡድኑ በመስከረም ሐሙስ 9 ሰዓት ተኩል ይቀጥላል። የሚመጣ ሰው አሮጌ ጨርቅ ይዞ ይምጣ። ለዲቲዋ የሚሆን ካንዴላ ያለው ካለም እንፈልጋለን።