ለሽያጭ ስለቀረበው ቴነር ባንጆ

ውድ አባላት፣

የቀረበው ባንጆ (ክብ እንጨት ላይ ቆዳ የተወጠረበት ባለ ክር መሣሪያ) እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቦስተን የተሠራ የቪጋ ኩባንያ «ሊትል ወንደር» ነው፤ ባለ 4 ክር፣ ባለ 17 ፍሬት (አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለዩ የብረት መስመሮች)። ቅኝቱ ዶ-ሶል-ሬ-ላ ነው። የአየርላንድ ሙዚቀኞችን ዝቅ ያለ ቅኝት፣ ሶል-ሬ-ላ-ሚን፣ የምትፈልጉ ወፍራም ክር ግዙ፤ ያለው ክር ዝቅ ሲደረግ ይልመሰመሳል።

መጀመሪያ መለያ ቁጥሩን እዩ። በክብ እንጨቱ ውስጥና አቋርጦት በሚያልፈው ዘንግ ላይ ተመትቷል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ አንገቱ ከሌላ ባንጆ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው መውረድ አለበት።

የተወጠረበት የጥጃ ቆዳ ነው። እንደ ማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይረግባል። ያኔ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ አየሩ ሲደርቅ ሳያላሉ መተው ነው ቆዳ የሚያስቀድደው። በፕላስቲክ ለመቀየር ካሰባችሁ ስፋቱን በሚሊሜትር ለኩ፤ የድሮ ክቦች ሁሉ ድፍን 11 ኢንች አይደሉም፣ ትንሽ ልዩነት እንኳ የአዲሱን ሽፋን ቀለበት አላስገባም ይላል።

በርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚደግፈው እንጨት) አልተጣበቀም፣ የሚያቆመው የክሩ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህ ክር የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው። ከአንገቱ ራስ እስከ 12ኛው ፍሬት፣ ከዚያም እስከ በርኩማው ያለው ርቀት እኩል ካልሆነ ላይኞቹ ድምፆች ይዛነፋሉ። (ብዙ ሰው «ባንጆው ተበላሽቷል» የሚለው ይህንኑ ነው።) ክሩ ጫፉ ቀለበት የሆነው ይሁን፤ የጊታሩ ባለ ጉብታ ክር በአብዛኛው መያዣው ላይ አይገባም።

አንድ እንከን አለው፦ ሦስተኛው መቃኛ ይንሸራተታል። ከኋላው ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው።