በስልክ ያልነገርኩህ

ድሬዳዋ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስትደውልልኝ «በሰላም ገብተናል» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈርቼ ነው። ክርኔን ስድስት ቦታ ተሰፍቼ ነበር። አሁን ክሩ ወጥቷል፣ ቁስሉም ደርቋል፣ እጄ እንደ ልቤ ይታጠፋል። አስቀድሜ የጻፍኩልህ ቀሪውን ሳትሰጋ እንድታነበው ብዬ ነው።

አራት ሆነን በየብስክሌታችን በጥምቀት ማግስት ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ከድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ተነሳን። ሐሳባችን ሐረር አድረን፣ በባቢሌ በኩል እስከ ዳከታ ሸለቆ ሄደን በዚያው መንገድ መመለስ ነበር።

የደንገጎን ዳገት አንተ ታውቀዋለህ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አናቱ ላይ ስትደርስ 2,000ን አልፈሃል። ልጅ ሆኜ በመኪና ስንወጣ «ባቡሩ እንኳን ይህን ተራራ ፈርቶ ከስሩ ቀረ» ትለኝ ነበር። ሐረር እንዲገባ የታሰበው ሐዲድ ዳገቱ አልቀመስ ብሎት በሜዳው ባያልፍ ኖሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልተቆረቆረች ነበር። ያኔ እንደ ተረት ነበር የምሰማህ። ዘንድሮ ጉልበቴ አስረዳኝ። የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቼ፣ ላቤ ከአገጬ መሪው ላይ ጠብ ጠብ እያለ፣ አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስል ሌላው ከበላዬ ይታያል።

ከግማሽ በላይ እንደወጣን አንድ ሽማግሌ ገበሬ አህያቸውን አቁመው «ኮታ፣ ታኣ!» (ኑ፣ ተቀመጡ) ብለው በኦሮምኛ ጠሩን። ቤታቸው ከመንገዱ ጥቂት ገባ ይላል። ባለቤታቸው በጣሳ ሆጃ፣ የቡና ገለባ በወተት የተፈላበትን፣ አቀረቡልን፤ ወተቱ ሞቅ ያለ፣ ጨው ጣል ያለበት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ልጅ ሳሉ እንጨት ተሸክመው ድሬ የሚወርዱት ባቡሩን ለማየት ሲሉ እንደነበር አጫወቱኝ። ገንዘብ ብንሰጥ እንቢ አሉ። ስምህን ጠየቁኝ፤ ሰላምታቸውን አደራ ብለውኛል፤ ይኸው አድርሻለሁ።

መገንጠያው ላይ በቀኝ በኩል ያለው የቁልቢ መንገድ ስለትህን ለማድረስ በእግርህ የሄድክበት ነውና፣ ወርጄ ወደ ገብርኤል ተሳለምኩ። ደግሞ ደስ የሚልህን ልንገርህ፦ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይተህ ያዘንክለት የአለማያ ሐይቅ ውሃ ይዟል! ወፎችም ተመልሰዋል። ቆሜ ያየሁት በአንተም ዓይን ጭምር ነው።

ሐረር ስንገባ የሻንጣዬ ማንገቻ ተበጥሶ ነበር። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ወሰድኩት። ያ ጠባብ መንገድ ዛሬም እንደ ስሙ ነው፤ ግራና ቀኙ የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ። አንዱ ሰፊ ይዞት የነበረውን ቀሚስ አስቀምጦ፣ ማንገቻውን በሁለት ድርብ ክር ሰፋና በሁለት እጁ ወጥሮ ሞከረልኝ። «መንገደኛ አይከፍልም» አለ። ሥራውን አክባሪ ሰው ሳይ አንተ ትዝ ትለኛለህ።

ከባቢሌ በኋላ በዳከታ ሸለቆ ያሉት ድንጋዮች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሰው ያስቀመጣቸው ይመስላሉ። ሥፍራው ውብ ነው፤ የግራሩ እሾህ ግን አያድርስ። በአንድ ከሰዓት የኔ የኋላ ጎማ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። መጀመሪያ ጓደኛዬ ቶሎ ለጥፎ ሰጠኝ፤ መቶ ሜትር ሳልሄድ እንደገና ተነፈሰ። «እሾሁን ሳታወጪ አትለጥፊ» የምትለኝ ጆሮዬ ላይ መጣ። ጎማውን ገልብጬ ጣቴን በውስጡ ቀስ አድርጌ ሳዞር፣ ጫፉ የተሰበረ እሾህ ጣቴን ወጋኝ፤ ከውጭ ፈጽሞ አይታይም። በጥርሴ ነክሼ አወጣሁት። የሚለጠፍ ስላለቀብን ባቢሌ ያለ ጎሚስታ ጋ እስክንደርስ በእግር ገፋን። ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ፣ በድንጋይ ፍቆ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ እየጠበቀ ለጠፈልን። ለእሱ ከፍለናል፤ የጋበዘንን ለውዝ ግን በነፃ ነው የበላነው።

አሁን ወደ ክርኔ ልምጣ። የመጨረሻው ቀን ደንገጎን ስንወርድ ከኋላዬ የጫት መኪና ክላክሱን እየነፋ መጣ። ደንግጬ ፍሬኑን ያዝኩ፤ ካለፈኝ በኋላም አልለቀቅኩትም። «ያዢ፣ ልቀቂ፤ ያዢ፣ ልቀቂ፤ ብረትም ትንፋሽ ይፈልጋል» ትለኝ የነበረውን ፍርሃት አስረሳኝ። ሦስት ኩርባ ያህል እንደያዝኩት ወረድኩ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ባቡር ጣቢያ ወስደኸኝ ፍሬን ይዞ የገባ ፉርጎ የሚሸተው ዓይነት። ከዚያ የፊት ጎማዬ እንደ ጥይት ጮኸ። ቸርኬው ግሎ የውስጡ ጎማ መፈንዳቱ ነው። ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን በመውደቄ አምላኬን አመሰግናለሁ። ነርሷ ጓደኛችን ክንዴን በነጠላዋ አሰረች፤ አንድ የሚኒባስ ሾፌር እኔንም ብስክሌቴንም ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ።

አባዬ፣ የደበቅኩህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አንተም እንዲሁ አድርገሃል ለካ። እህቴ ነገረችኝ፤ ግራ ዓይንህን ከጋረደው ወራት አልፎታል፤ ደረጃው ላይም ተደናቅፈሃል። እሷ ባትነግረኝ እስከ መቼ ነበር? እባክህ በዚህ ሳምንት አዳማ ያለ የዓይን ሐኪም ጋ አብረሃት ሂድ። እኔ ክርኔን አሳየሁህ፤ አንተም ዓይንህን አትደብቀኝ።

የፊት ቸርኬዬ ተጣሟል። እዚህ የሚያቃና አለ፤ አልሰጠሁም። በመዶሻ የፉርጎውን እግር መታ እያደረግክ ስንጥቁን በድምፁ ትለይ አልነበር? የብስክሌቴንም ሽቦዎች እንዲሁ በጥፍርህ እየመታህ፣ የላላውንና የጠበቀውን በጆሮህ ነበር የምታገኘው። ቸርኬውን በጆንያ ጠቅልዬዋለሁ፤ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ይዤው እመጣለሁ። ትንሿን ቁልፍ ከአልጋህ ስር ካለው ሳጥን አውጥተህ ጠብቀኝ።

ልጅህ