የአባትሽ ካፖርት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ብቻ በዚህ ኅዳር በርትቷል፤ ማለዳ ስወጣ የጓሮው ጎመን ውርጭ ለብሶ ይጠብቀኛል።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። «የአባዬ ሙት ዓመት ካለፈ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ አንቺ በለቅሶ ሰው ልታስቂ መድረክ ትወጫለሽ?» አልሽኝ። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ። ዛሬ ግን ተቀምጬ ልንገርሽ፤ ተውኔቱን ሳታውቂው ፈርደሽበታልና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የእድር ጡሩምባ ነፊ ሌሊት ስም ይሳሳትና በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ ይለፍፋል። ሲነጋ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ገንዘብ ያዡም ወጪውን መዝግቧል። ሰውየው ዘመድ ጥየቃ ከሄደበት ገጠር ሲመለስ ደጁ ላይ ድንኳን ያያል። ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቅ ጥግ ይዞ ከለቀስተኛው ጋር ያለቅሳል። አልቃሿ ተነሥታ ሙሾ ታወርዳለች፦

ጎረቤት ሲጠራው አቤት ባይ ነበረ፤
ዛሬማ ስንጠራው ዝም ብሎ አደረ።

ከዚያ ስሙን ትጠራለች። ሰውየው ከጥግ «አቤት!» ይላል።

በዚህች «አቤት» ምክንያት ሁለት ምሽት ሙሉ ተከራክረናል። አልቃሿን የምትጫወተው ልጅ ጎበዝ ናት፤ ግን ሙሾውን ድምፅዋን እያጣመመች፣ ደረቷን እየደቃች ለማሳቂያ ታደርገው ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ። ሰው ቀብሬ ስለማውቅ ነው። ሙሾው እንደ እውነተኛ ሙሾ መውረድ አለበት፤ ተመልካቹ የራሱን ሰው አስታውሶ ጉሮሮው ሲዘጋ፣ ያኔ «አቤት!» ሲመጣ ሣቁ ከሆዱ ይወጣል። ገና ከመጀመሪያው ካሾፍንበት ግን የምናላግጠው በሐዘንተኛው ላይ ይሆናል። አዘጋጃችን የአማርኛ መምህር የሆነ ወጣት ነው፤ ሁለቱንም ዓይነት አስሞክሮ አየና በእኔ ሐሳብ ጸና። አሁን ልጅቱ ስታወርደው የአዳራሹ ዘበኛ ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

የሰውየው ሚስት እኔ ነኝ። ባሏ በሕይወት መኖሩ ሲታወቅ የእድሩ ዳኛ መዝገብ ይገልጣል፤ «ሞተህ ከሆነ ገንዘቡ ለሚስትህ ተከፍሏል፤ አልሞትክም ከሆነ ደግሞ ቀብር የቀረህበት ቅጣት አለብህ» ይለዋል። እኔ ባሌን አቅፌ እያለቀስኩ በትከሻው በኩል ገንዘብ ያዡን አየዋለሁ፤ «ብሩ ይመለሳል እንዴ? ለቆርቆሮ ከፍዬበታለሁ» እላለሁ።

ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመናገር ሦስት ልምምድ ፈጀብኝ። ቃሉን ረስቼው አይደለም። አባትሽ በተቀበሩ በማግስቱ፣ አንቺ ጓዳ ተኝተሽ ሳለ፣ የእድሩን ብር አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ቆጥሬዋለሁ። ይህ ለጣሪያው፣ ይህ ለአርባው፣ ይህ ለልጄ መሳፈሪያ እያልኩ ከፋፍዬዋለሁ። ዓይኔ ያብጥ እንጂ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያን ዕለት ምን ዓይነት ሴት ነኝ ብዬ አፈርኩ፤ ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩትም። በአራተኛው ልምምድ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጡሩምባ ነፊውን የሚጫወቱት የብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረተኛ ሣቁ፤ ሣቃቸውም ቶሎ ወደ እንባ ተለወጠ። «እኔም ሚስቴ ስትሞት እንዲሁ ነው ያደረግሁት» አሉ። ልጄ፣ ያን ምሽት ከአዳራሹ ስወጣ አንድ ነገር ከላዬ ላይ ወርዶልኝ ነበር።

ደግሞ ሣቅ ከለቅሶ ቤት ርቆ አያውቅም። ሠልስቱ ማታ እነዚያ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሐዘንተኛ ለማጫወት ብለው የአባትሽንና የጠፋችውን በቅሎ ታሪክ ሲያወሩ፣ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለቅሶ እንዳልነበረ እኔም አንቺም እናውቃለን።

አዘጋጁ የነገረን ነገር ደግሞ ልቤን ሞላው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ኮሜዲያ ነው፤ የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም የተወለዱት በዚሁ በእኛ በሰሜን ሸዋ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የሹማምንቱን ጉድ በአውሬዎች አፍ ስለተናገሩ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የአገራችን ሰው በሚያመው ነገር ላይ መሣቅን ከጥንት ያውቅበታል ማለት ነው። እኛ ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ደመወዝ የለንም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ መልስ በቀበሌው አዳራሽ ጋቢያችንን ደርበን እንለማመዳለን። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን እንቀጥላለን። ከነሐሴ ወዲህ እራት ብቻዬን ያልበላሁት በእነዚያ ምሽቶች ነው።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። አልባሳቱን ከየቤታችን ነው የምናመጣው። ሰውየው ከገጠር ሲመለስ የሚለብሰው አሮጌ ካፖርት ጠፍቷል። የአባትሽ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ትናንት አውርጄ አራገፍኩት፤ ከግራ ኪሱ ጥቂት የገብስ ቆሎ ወጣ። ቆሎውን አልጣልኩትም።

ካፖርቱ የአንቺም ነውና ያለ ፈቃድሽ ከቤት አላወጣውም። እምቢ ካልሽ ከሰው እንዋሳለን፤ ቅር አይለኝም። እሺ ካልሽ ደግሞ የሚለብሰው ልጅ ጨዋ ነው፤ አንገትጌው እንዳይቆሽሽ ነግሬዋለሁ። የመጀመሪያው ትዕይንት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። እስከ ሐሙስ መልስሽን ላኪልኝ፤ እስከዚያው ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ