የቅሬታ ደብዳቤ፦ ለታችኛው ክፍል ስላቀረባችኋቸው ታብሌቶች፣ የቻርጅ ካቢኔትና የንባብ መተግበሪያ

ጥር 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቴክኖሎጂ አቅራቢው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎትና የቴክኒክ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለማስተማሪያ የቀረበው ዕቃና ሶፍትዌር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በገባነው ውል መሠረት ድርጅታችሁ ለትምህርት ቤታችን 45 ባለ 8 ኢንች ታብሌቶች፣ አንድ የቻርጅ ካቢኔት፣ አንድ ራውተር እና የአማርኛ ንባብና የሒሳብ መተግበሪያ አቅርቧል። በርክክቡ ዕለት የተረጋገጠው ታብሌቶቹ መብራታቸውና መተግበሪያው መከፈቱ ብቻ ነበር። እኛ የአይሲቲና የታችኛው ክፍል መምህራን በሥራ ላይ የታዩትን ጉድለቶች ከነመንስኤያቸው ለይተን አቅርበናል። ከዚህ በፊት በስልክ ላመለከትነው የተሰጠን መልስ «አጥፍታችሁ አብሩት» የሚል ስለነበር፣ ይህን ደብዳቤ የሽያጭ ሠራተኛ ሳይሆን የቴክኒክ ባለሙያ እንዲያነበው እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት የፊደሉን ጉዳይ እናነሳለን፤ ዕቃው የተገዛው ልጆች ፊደል ለይተው እንዲያነቡና እንዲጽፉ ነውና። በመጻፊያው ክፍል ልጁ በጣቱ ነጠብጣቡን እየተከተለ ፊደሉን ይስላል። መተግበሪያው ትክክል ወይም ስህተት የሚለው ጣቱ ከነጠብጣቡ ምን ያህል እንደራቀ ለክቶ ነው፤ የተፈቀደው ርቀት ግን ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። «ሱ» እና «ሲ»ን እንውሰድ። የካዕቡ ቅጥል የሚወጣው ከቀኙ እግር ወገብ ላይ ነው፤ የሣልሱ ከእግሩ ሥር ነው። ፊደሉ በስክሪኑ አንድ አራተኛ ላይ ብቻ ስለሚታይ በሁለቱ ቅጥሎች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሕፃን ጣት ስፋት አይበልጥም። ስለዚህ «ሲ» ጻፍ የተባለ ልጅ «ሱ» ጽፎ «ጎበዝ!» ይባላል፤ ኮከብም ይጨመርለታል። በ«ሉ» እና «ሊ»፣ በ«ቡ» እና «ቢ»፣ በ«ኑ» እና «ኒ» ላይም ያው ነው። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ወዲያው የሚያርመውን ስህተት ማሽኑ አጽድቆ ያሳልፈዋል። ይህ ከሁሉም ጉድለት የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ስህተቱን ተሸልሞበት ይለምደዋል።

በዚያው መልመጃ ደግሞ ያልተሳሳተው ይቀጣል። «ለ»ን ከቀኝ እግሩ የጀመረ ልጅ ቅርጹን አሳምሮ ቢጨርሰውም «እንደገና ሞክር» ይባላል። የእጅ አካሄድ ማስተማር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ነጥብ ማስቀነስ የለበትም። ማስተካከያው ከባድ አይደለም፦ ፊደሉ ሙሉውን ስክሪን ይያዝ፤ ቅጥሉ፣ ቀለበቱና የእግሩ ማጠርና መርዘም ከዋናው አካል ተለይተው በየራሳቸው ይመዘኑ፤ አካሄዱ በቀስት ይታይ እንጂ ለውጤት አይቆጠር።

የቃላት መልመጃው ሌላ ችግር አለበት። በምንባቡ ውስጥ «ፀሀይ» ተብሎ የተጻፈው ቃል በመልስ ቁልፉ «ፀሐይ» ነው። ያነበበውን በትክክል የገለበጠ ልጅ ቀይ ምልክት ይወጣበታል፤ መምህሩም የሚያስረዳው ያጣል። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ኮዶች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ልጆች የቱ ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ እንዲማሩ እንፈልጋለን፤ ለዚህ ግን ምንባቡም የመልስ ቁልፉም የመማሪያ መጽሐፉን አጻጻፍ መከተል አለባቸው። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ተቆጥረው ይታረሙ፤ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ልዩነቱ እንደ ማስታወሻ ይታይ።

የተጫነው የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በላቲን ፊደል ድምፅ የሚሠራ ነው፤ «ሱ» ለመጻፍ መጀመሪያ ኤስ ቀጥሎ ዩ መንካት ያስፈልጋል። የ1ኛ ክፍል ልጅ የአማርኛውን ፊደል ገና እየቆጠረ በሌላ ፊደል በኩል ዞሮ እንዲጽፍ ማድረግ ከማስተማር ይልቅ ያደናግረዋል። የምንፈልገው ግዕዙን ሲነኩት ሰባቱን ድምፆች በአንድ ረድፍ የሚዘረዝር፣ ዲቃላዎቹንም እነ «ሏ»ን እና «ቷ»ን የያዘ ሰሌዳ ነው።

ከ3ኛ ክፍል ምንባቦች ውስጥ የተወሰኑት ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይታያል። መንስኤው ግልጽ ነው፤ ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ኮድ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውጪ በሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ከተካተተ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ስለሆነ በዛሬ ጊዜ በዚያ መንገድ የተተየበ ጽሑፍ ማቅረብ ምክንያት የለውም። የላካችሁልን የፎንት ፋይልም አይፈታውም፤ ፎንት መልኩን እንጂ ኮዱን አይለውጥም። ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ በሰው ዓይን ይታረም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ብቻ ከተለቀቀ ዲቃላዎቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ እየተዛቡ ይወጣሉ።

የንባብ ድምፁ በማሽን የተሠራ በመሆኑ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ውሃ አለ» ሲልም «አባቱ እንዲህ አለ» ሲልም «አለ» አላልቶ ያነበዋል። ማዳመጥና መናገርን ለሚያስተምር ክፍል ይህ ድምፅ አይበቃም፤ በሰው ድምፅ ይቀዳ። ቀረጻውን ለማረም መምህራን ለመመደብ ፈቃደኞች ነን።

ወደ ጊዜ ስንመጣ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ማከፋፈሉ፣ ማብራቱ፣ መግባቱ፣ መሰብሰቡና መቁጠሩ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ይህ ሆኖ ሳለ መተግበሪያው ከእያንዳንዱ ልጅ የላቲን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 8 ሆሄ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ የተሳሳተውን ደግሞ ይቆልፋል። ለሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ የይለፍ ቃል አይሰጥም። በሥዕል ምርጫ ወይም በአንገት በሚንጠለጠል የኪውአር ካርድ መግባት ይቻላል፤ የታብሌቶቹ ካሜራ ለዚህ ይበቃል። በተጨማሪም ክፍሎቻችን ከ50 በላይ ልጆች ስላሏቸው አንዱን ታብሌት ሁለት ልጆች የሚካፈሉበት ጊዜ አለ፤ ስርዓቱ የሚመዘግበው ግን የአንዱን ብቻ ነው። ሌላው ልጅ በሪፖርቱ ላይ ቀሪ ሆኖ ይወጣል።

ስለ ኔትወርኩ፦ የሰጣችሁን ራውተር በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ራውተር ነው። ቪዲዮው በአንድ ታብሌት ላይ ወደ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል፤ 45ቱ አንድ ላይ ሲከፍቱት 90 ሜጋቢት ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ራውተር በአንድ ቻናል ላይ ለዚህ ሁሉ ታብሌት ያንን ያህል አያደርስም፤ የኢንተርኔት ፍጥነት ቢጨመርም ለውጥ አያመጣም፤ ማነቆው ያለው በራውተሩና በታብሌቶቹ መካከል ባለው ገመድ አልባ መስመር ነውና። የኢንተርኔት ፓኬጅ እንድናሳድግ የሰጣችሁት ምክር ስለዚህ ተገቢ አልነበረም። ዝማኔውም እያንዳንዱ ታብሌት ለብቻው ከኢንተርኔት እንዲያወርደው ተደርጓል፤ 180 ሜጋባይት በ45 ሲባዛ 8.1 ጊጋባይት ነው፤ አንዱን ፋይል ደጋግሞ ለማውረድ ብቻ ማለት ነው። ቪዲዮዎቹ በታብሌቶቹ ሚሞሪ ካርድ ላይ ወይም በትምህርት ቤቱ ውስጥ በሚቀመጥ አነስተኛ ሰርቨር ላይ ይጫኑ። ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም፤ እንደ ኮሊብሪ ያሉ በነፃ የሚገኙ የትምህርት መድረኮች ያለ ኢንተርኔት በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

የመተግበሪያው መጠቀሚያ ፈቃድ በየ30 ቀኑ በኢንተርኔት ካልተረጋገጠ መተግበሪያው ይዘጋል፤ የሚሰጠው መልእክትም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። በግዢ ጊዜ የቀረበልን መግለጫ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ይላል። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ትምህርት እንዲዘጋ አንስማማም፤ ፈቃዱ ለውሉ ዘመን በሙሉ ከመስመር ውጭ የሚሠራ ይሁን።

የቻርጅ ካቢኔቱ ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንደኛ፣ 40 ማስቀመጫ ብቻ ስላለው ቀሪዎቹ አምስት ታብሌቶች በማከፋፈያ ገመድ ውጭ ይሰካሉ። ሁለተኛ፣ በታብሌቱ ላይ 5 ቮልት 2 አምፒር ተብሎ ተጽፏል፤ የካቢኔቱ ወደብ የሚሰጠው 1 አምፒር ነው። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ስለሆነ በ2 አምፒር በሦስት ሰዓት ገደማ የሚሞላው በ1 አምፒር ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኛ በፈረቃ እናስተምራለን፤ በጠዋቱና በከሰዓቱ ፈረቃ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የከሰዓት ልጆች ሁልጊዜ ያለቀ ባትሪ ይደርሳቸዋል። ሌሊቱን እንዳንሰካ ደግሞ የእናንተው መመሪያ «ሰው በሌለበት አትተዉት» ይላል። በነገራችን ላይ መመሪያው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የታብሌቶቹ መሰኪያ ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ይህ መሰኪያ ለ10,000 ጊዜ መሰካትና መንቀል የተሠራ ቢሆንም ወደ ጎን መጎተትን አይችልም፤ ከታብሌቱ የውስጥ ሰርኪት ካርድ ጋር የያዘው ብየዳ ይላቀቃል። የካቢኔቱ ገመዶች አጭር ስለሆኑ ታብሌቱ ወደ ማስቀመጫው ሲገባ ሶኬቱ ይጣመማል፤ ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። የተሰበሩትን ስናመጣ «የተጠቃሚ ጉዳት ነው፤ ዋስትና አይሸፍነውም» ተብለናል። ጉዳቱ የመጣው ካቢኔቱና ታብሌቱ ስለማይስማሙ ነው፤ ሁለቱንም መርጣችሁ ያቀረባችሁት እናንተ ናችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል።

አራተኛው የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ሊዘገይ አይገባም። የካቢኔቱ አካል ብረት ነው፤ መሰኪያው ባለ ሦስት እግር ሲሆን የመጣው ግን ግራውንዱን (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን መስመር) ከሚቆርጥ ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ጋር ነው። ግራውንድ ያልተያያዘ የብረት ካቢኔት ከውስጡ ቻርጀሮች በሚያልፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት የነካውን ሰው እጅ ይነዝራል፤ ከውስጥ ሽቦ ቢላጥ ደግሞ ሙሉው 220 ቮልት በብረቱ ላይ ይመጣል። ልጆች የሚነኩት ዕቃ ነው። አዳፕተሩ እንዲነሳ፣ ግራውንዱ ተለክቶ እንዲያያዝ፣ ጅረት ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር እንዲገጠምለት እንጠይቃለን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ የካቢኔቱ ፓወር ሰፕላይ እንዳይቃጠልም መከላከያ ይጨመርለት። እስኪስተካከል ድረስ ካቢኔቱን ከሶኬት ነቅለን ቆልፈነዋል።

የተማሪ ሪፖርቱ በጎርጎርዮሳዊው ቀን ይወጣል። ወላጅ 9/11/2025 የሚለውን አይቶ መስከረም 1 ቀን 2018 መሆኑን እንዲያሰላ አይጠበቅበትም። ይባስ ብሎ ስርዓቱ ዲሴምበር 31 ማለትም ታኅሣሥ 22 ላይ «ተርም»ን ዘግቶ ነጥቡን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ የእኛ የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት ደግሞ የሚጠናቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። የተሰረዘው የልጆች ውጤት ከመጠባበቂያ ቅጂ እንዲመለስ፣ የመንፈቁ መክፈቻና መዝጊያም በትምህርት ቤቱ እንዲወሰን ይደረግ።

ሌላው የልጆች መረጃ ነው። መተግበሪያው የልጁን ሙሉ ስም፣ ፎቶግራፍና የንባብ ድምፅ ወስዶ ወደ ውጭ ሰርቨር ይልካል፤ ለዚህ ወላጆች ፈቃድ አልተጠየቁም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ነው። ምን እንደተሰበሰበ፣ የት እንደተቀመጠና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ አሳውቁን። ንባብ ለማስተማር ፎቶ አያስፈልግም፤ የተላኩት ፎቶዎችና ድምፆች ይሰረዙ፤ መላኩም መተግበሪያው ሲጫን ከሚመጣበት ነባሪ ቅንብር ይጥፋ።

ይዘቱን በተመለከተ በአጭሩ፦ የሒሳብ ትምህርቱ የተከፋፈለው የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 8ኛ ክፍል በነበረበት በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ነው። አሁን የመጀመሪያ ደረጃ 6ኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተልም ተለውጧል። ከአሁኑ መጽሐፍ ጋር የሚያገናኝ ዝርዝር በየክፍሉና በየምዕራፉ ይቅረብ።

እንግዲህ የካቢኔቱ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በባለሙያ እንዲታይ፣ የፎቶና የድምፅ መላኩ በዚያው ጊዜ እንዲቆም፣ የውጤቱ መረጃ እንዲመለስ እንጠይቃለን። የፈቃዱ፣ የመግቢያው፣ የኔትወርኩና የቻርጁ ማስተካከያ በ30 ቀናት ውስጥ፣ የፊደሉ፣ የምንባቡና የድምፁ ደግሞ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ በፊት ይጠናቀቅ። መሰኪያቸው የተሰበረው ታብሌቶች ያለ ክፍያ ይተኩ። ሥራው ሲጠናቀቅ ርክክቡ በባዶ ክፍል ሳይሆን ልጆች ባሉበት፣ በአንድ ሙሉ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ኢንተርኔቱ ተነቅሎ እንዲፈተሽ እንፈልጋለን። እስከዚያ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ በውሉ መሠረት ተይዞ ይቆያል።

የጉድለቶቹን ፎቶግራፎች፣ የስክሪን ቅጂዎችና የተበላሹ ታብሌቶችን መለያ ቁጥር ዝርዝር ከዚህ ጋር አያይዘናል። ባለሙያችሁ ሲመጣ ከጠዋቱ ፈረቃ በፊት 1፡30 ላይ ቢደርስ ካቢኔቱን ከፍተን ለማሳየት የአይሲቲ መምህሩ ይጠብቀዋል።

ከሰላምታ ጋር

የአይሲቲና የታችኛው ክፍል መምህራን

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት
ለግዢና ፋይናንስ ክፍል
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት