ድጋፉ ከመኪና መንገድ ዳር አይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የገጠር አረጋውያን ጉዳይ በየዓመቱ መስከረም 21፣ የዓለም አረጋውያን ቀን ሲከበር ይነሳል። ንግግር ይደረጋል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ የምጽፈው ከዚያ ቀን በኋላ ስላሉት ወራት ነው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምኖረው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ነው። አገራችን ደጋ ነው። ውርጭ የደረሰ ገብስ በአንድ ሌሊት ይመታል። የበልግ ዝናብ የቀረ ዓመት ደግሞ ደህና የሚባለውም ቤት ይንገዳገዳል። ወጣቱ ወጥቷል። አንዱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቷል፣ ሌላው አዲስ አበባ ነው፣ ብዙ ሴት ልጆች ዓረብ አገር ናቸው። ቤቱን የሚጠብቁት አባቶችና እናቶች ናቸው። እነሱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ትተውላቸው የሄዱትን የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ።

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። ድጋፍ አለ፣ ሲሰጥም አይቻለሁ። ነገር ግን ወረዳው ከተማ ድረስ ይመጣና እዚያ ይቆማል። ከወረዳው እስከ አዛውንቱ ደጅ ላለው መንገድ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው የለም። ደብዳቤዬ ስለዚህ መንገድ ነው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በመንዝ ብዙ ቤት ከመበተን አድኗል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ በሠራበት ቀን ልክ ይታሰብለታል። ያረጀ፣ የታመመ፣ አካሉ የተጎዳ ደግሞ ከሥራው ነፃ ሆኖ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ቀጥታ ድጋፍ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር የማይሆኑ ጎረቤቶች አሉኝ። የፕሮግራሙ መመሪያ ተረጂው ክፍያውን ለመቀበል ከሦስት ሰዓት በላይ በእግሩ መሄድ የለበትም ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሦስት ሰዓቱ በማን እግር ነው የሚለካው? ጎረምሳ በሦስት ሰዓት የሚጨርሰው ዳገት ሰማንያ ዓመት ለሞላቸው እናት የሙሉ ቀን ጉዞ ነው።

አንድ የክፍያ ቀን ላይ ከተማ ነበርኩ። የባንኩ ደጃፍ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። አንዲት እናት ባና ደርበው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መታወቂያቸውንና ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል። ተራቸው እንዳያልፍ ቋጠሮውን በየደቂቃው ይዳስሳሉ።

«ከየት ተነሡ እናቴ?» አልኳቸው።

«ከገደሉ ሥር ነው ልጄ። ሌሊት ነው የወጣሁት። ጨረቃዋ ባትኖር አልደርስም ነበር።»

እኩለ ቀን ሲሆን አንድ ልጅ ከውስጥ ወጥቶ «ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ» አለ። ሰው አጉረምርሞ ተበተነ። እሳቸው ግን የት ይሂዱ? ወደ ቤት ቢመለሱ ነገ ሊመጡ ነው። ዘመድ ከተማ የላቸውም። ያን ሌሊት አንዲት ጠላ ሻጭ አሳደረቻቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ገንዘቡ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ቤት የቀረው የልጅ ልጅ ሁለት ቀን የበላው ጎረቤት የሰጠውን ነው። ያን ቀን የተጉላሉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ሰልፉ ላይ በምርኩዝ የቆሙትን አይቻለሁ። ሲስተም መጥፋቱን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ለየቀበሌው አንድ ስልክ ቢደውል ስንቱ ከመንገድ በዳነ።

ከክፍያው በፊት ደግሞ ምልመላው አለ። የችግረኛው ስም የሚለየው ቀበሌ ውስጥ፣ በስብሰባ ነው። ስብሰባ የሚመጣው መራመድ የሚችል ነው። ቤቱ የተኛ ሰው ስሙን የሚያነሳለት ካላገኘ ይታለፋል። ስሙ ቢነሳም «መሬት አለው እኮ» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ መሬት አለው። ደብተሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው። በሬው ግን ተሸጧል፣ ጉልበቱ አልቋል። ስለዚህ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ዘርና ማዳበሪያ ቀድሞ ይነሳል፣ የተረፈው ለሁለት ይከፈላል። ውርጭ በመታበት ዓመት ለሁለት የሚከፈለው ገለባ ነው። በወረቀት ላይ ግን ይህ ሰው ባለ መሬት ነው።

ይጦረኛል ብሎ መሬቱን ለዘመድ በስጦታ የሚያስተላልፍም አለ። ፊርማው ካለፈ በኋላ ጧሪው ድምፁ ይጠፋል። ሽማግሌው በስተርጅና ፍርድ ቤት ይመላለሳል፣ ለዚያውም ማመልከቻ ማስጻፊያ ተበድሮ። መልማዮቹ እነዚህን ሰዎች ሲያዩ መዝገቡን ትተው ጓዳውን ቢያዩ እላለሁ። ምድጃው ላይ እሳት አለ ወይ? ውኃ የሚቀዳላቸው ማን ነው? ይህን ለማወቅ ቤት መግባት ብቻ በቂ ነው።

በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ቅሬታ ለማቅረብ ግን መጀመሪያ ስሙ መቅረቱን ማወቅ አለበት። ዝርዝሩ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ይፈይዳል? ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ይነበብ። በቆላው በኩል ሙስሊም ወገኖቻችን ባሉበት ደግሞ ከጁምዓ በኋላ ይነበብ። ሁለት እሑድና ሁለት ዓርብ ቢነበብ ያልሰማ ይሰማል፣ የተዘለለውንም ጎረቤቱ ያነሳለታል።

እኔ በየወሩ ጡረታዬን እቀበላለሁ። ለመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወጣለት። ያስተማርኳቸው ልጆች አባቶች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰው፣ ግብር ከፍለው፣ እኔንም አብልተው፣ ዛሬ በስተርጅናቸው በወር የሚጠብቁት ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይደግፋል ይላል። አቅም ውስን መሆኑን አውቃለሁ። ለሁሉም ገበሬ ነገ ጡረታ ይቆረጥለት አልልም። ግን ለዚህ ትውልድ ቀጥታ ድጋፉ ጡረታው ነው። እንደ ጡረታ ቀኑን ጠብቆ፣ ሳይቆራረጥ ይድረሰው።

ወደ ጤናው ልምጣ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ገጠር ድረስ ይዘልቃል ብለው ያመኑ ጥቂት ነበሩ። ዘልቋል። መክፈል የማይችለው ቤተሰብ መዋጮው ይሸፈንለታል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ደብተሩን ይዘው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ከተባሉ ምን ይሆናሉ? የደም ግፊት ኪኒን በየወሩ የሚፈልግ ሰው አንድ ወር ከውጭ ይገዛል። ሁለተኛውን ወር ያቋርጣል። ሪፈር ከተጻፈለት ደግሞ የመኪናውን ከየት ያመጣል? መድኑ ሕክምናውን ይችላል፣ የትራንስፖርቱን ግን አይችልም። ከመንዝ ደብረ ብርሃን በጣርማበር በኩል ተጉዞ መሄድ ለታመመ ሰው ቀላል አይደለም። ብርዱ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሪፈሩ ተጽፎ ትራስ ሥር ይቀራል።

በተለይ ስለ ዓይን መናገር እፈልጋለሁ። የጎረቤቴ ባለቤት የበግ ፀጉር በመፍተል የታወቁ ነበሩ። እሳቸው የፈተሉት ተሸምኖ ባና ሲሆን ገበያ ላይ ሰው ይሻማበት ነበር። ልጆቻቸውን ደብተርና እርሳስ የገዙላቸው በእንዝርታቸው ነው። እንግዲህ ዓይናቸው እየፈዘዘ መጣ። ክሩ ቀጠነ ወፈረ መለየት አቃታቸው። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው እንዝርቱን ግድግዳ ላይ ሰኩት። ከዚያ እሳት ማየት ተሳናቸው፣ እጃቸው ተቃጠለ። ዓይናቸው ላይ ያለው ሞራ ነው። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር ነው። ይህን የነገራቸው ሰው ግን ለዓመታት አልነበረም። ቤታቸው የሚገባ ባለሙያ አልነበረማ!

በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። ለእናቶችና ለሕፃናት የሠሩት ሥራ በዓይን የሚታይ ነው። ብዙውን ጊዜ በቀበሌ ሁለት ናቸው፣ ዳገት ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ብዙ ሥራ አለባቸው። ሥራ ልጨምርባቸው አልወድም። ሆኖም ለነፍሰ ጡሯ ወደ አንድ ጎጥ ሲወጡ እዚያው ያሉትን አዛውንቶች ዓይን በባትሪ ቢያዩላቸው፣ ግፊታቸውን ቢለኩላቸው፣ የተገኘውን በመዝገብ ቢይዙት፣ ሆስፒታል የዓይን ዘመቻ ሲመጣ ማን መሄድ እንዳለበት አስቀድሞ ይታወቃል። ወረዳው ያን ቀን አንድ መኪና ቢመድብ ደግሞ ያልቃል።

አሁን ወደ ራሳችን። ሁሉን ነገር ከወረዳ መጠበቅ የለብንም። እድር አለን። ድንኳን አለው፣ ምጣድና ሰሃን አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ከሁሉ በላይ ሰው ያምነዋል። ግን የሚነቃው ለቅሶ ሲሰማ ነው። ጧሪ የሌለው ሰው ሲሞት ሦስት ቀን እንቀመጥለታለን። በቁሙ ሦስት ቀን ውኃ የሚቀዳለት ሲያጣ ግን ስብሰባ አንጠራም። እድር ከወርኃዊ መዋጮው ላይ ትንሽ ቆንጥሮ በየጎጡ ላሉት ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው ያውላት። በአንዳንድ ከተሞች ይህን የጀመሩ እድሮች አሉ፤ ገጠር ላይ የሚከለክለን የለም።

የክፍያውንም ነገር በእድር በኩል ማቃለል ይቻላል። በየጎጡ መራመድ የማይችሉ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያመጣላቸው አንድ የታመነ ወኪል ይምረጡ። የእድሩ ዳኛ ይመስክር፣ ቀበሌው ያጽድቅ፣ ባንኩ ይቀበል። ገንዘቡ ይበላል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። ስለዚህ ወኪሉ ያመጣውን እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ቆጥሮ ያስረክብ። በቄስና በሰንበቴተኛ ፊት የተቆጠረ ገንዘብ አይጎድልም። ከዚህም የተሻለው ግን ከፋዩ ራሱ በወር አንድ ቀን ወደ ቀበሌው ቢመጣ ነው። ግብር ለመሰብሰብ ቀበሌ ድረስ ይመጣል፤ ለመክፈልም መምጣት ይቻላል።

የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራም ጥሩ ልማድ ሆኗል። ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፣ አመሰግናለሁ። የሚታደሰው ቤት ግን ብዙ ጊዜ መኪና የሚደርስበት ነው። ከመንገዱ ርቆ፣ ሁለት ሸንተረር ተሻግሮ ያለው ጎጆ ክረምት ከክረምት ያፈሳል። ቆርቆሮ በአህያ መጫን ከባድ ከሆነ ሣር አለን። የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር አባቶቻችን ለዘመናት በስምምነት ጠብቀው ያቆዩት ለዚህ ነው። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚታጨድ በሥርዓት ይወሰን ነበር፣ ዛሬም በማኅበረሰብ ይጠበቃል። ጓሳ ለአጨዳ ሲከፈት ጉልበት ያለው ለራሱ ያጭዳል። የሚያጭድለት የሌለው እጁን አጣጥፎ ያያል። ሥርዓቱ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ከየጎጡ ለእነዚህ ቤቶች የሚሆን ሸክም ቀድሞ ይታጨድ፣ በደቦ ይከደን። ለዚህ በጀት አይጠየቅም።

የወረዳ ኃላፊዎች ይህን ደብዳቤ ቢያነቡ የምጠይቃቸው ጥቂት ነው። ስሙን በደጀ ሰላም አስነብቡ። ሲስተም ሲጠፋ አስቀድማችሁ ደውሉ። ወኪልን በጽሑፍ ፍቀዱ። መድኃኒት ለመድን ደብተር ያዢው አይጥፋ። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት ከመኪና መንገድ የራቀ አንድ ጎጥ በእግሩ ይውጣ።

ለእናንተም ጥያቄ አለኝ። በክፍያ ቀን አንድ ጋዜጠኛ ወደ መንዝ ላኩ። ባንኩ ደጃፍ ፎቶ አንስቶ አይመለስ። ከተሰለፉት አንዷን እናት ተከትሎ እስከ ቤታቸው ይሂድ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ይጻፍ። መንገዱን የሚያሳየው ሰው ከፈለገ እኔ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ