ለሽጉጥ ማስጌጫ የምታወጡት ዶላር ለጥይት ቢሆንስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ብያለሁ። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ምኖረው፣ ጋዜጣችሁን ከሀበሻ ግሮሰሪ ከእንጀራው ጋር አንስቼ ነው ምገባው። ዛሬ ስለ ሽጉጥ ልጽፍላችሁ ነው፣ አትደንግጡ። እናንተም ሌላውም የኛ ሚዲያ ሽጉጥ ምታነሱት ወይ ሰው ሲሞት ነው ወይ ምርጫ ሲደርስ፣ መሀል ላይ ያለውን፣ በህጋዊ መንገድ ገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀመጠውን ሰው ግን በአማርኛ ሚያናግረው የለም። ሰዉ ደሞ ገዝቷል። ሌሊት ጋዝ ስቴሽን ሚሰራው፣ ሊከር ስቶር ያለው፣ ማታ ሱቅ ዘግቶ ካሽ ይዞ ሚወጣው፣ ስንቱ አለው መሰላችሁ፣ አንዳንዱማ ለባለቤቱም አልነገራት። ግዙ ወይም አትግዙ ልል አይደለም፣ እሱ የየቤቱ ጉዳይ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ከተገዛ በኋላ ያለው ነገር ነው።

ከተገዛ በኋላ ምን ይሆናል፣ ይጌጣል። ወርቅማ አፈሙዝ ይታዘዝለታል፣ ስላይዱ (ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሚንሸራተተው ብረት) እዚም እዛም ተቦርቡሮ መስኮት ይወጣለታል፣ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት ክዳን ከኋላው ይገጠምለታል፣ ከዛ ፎቶ ተነስቶ ለጓደኛ በቴሌግራም ይላካል። እኔ ሳየው ዝናሩን ታጥቆ ሰርግ ላይ እንደሚፎክር ሰው ነው ሚመስለኝ፣ ባላገሩ እንኳ ቢያንስ ምንሽሩን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። እስቲ ስንት ተኮስክበት በሉት፣ "የገዛሁ ሰሞን ሁለት ካዝና" ይላችኋል። የዛ ወርቅማ አፈሙዝ ዋጋ እኮ ስንት ሳጥን ጥይት ይገዛ ነበር።

ካስተማይዝ ማድረግ ጥፋት ነው አላልኩም፣ እኔም የራሴን ነካክቻለሁ። ግን ሚቀየረው ነገር ወይ ለእጅ ወይ ለአይን ካልጠቀመ ምን ሊሰራ ነው?

እጅ ላይ ልጀምር። የኔ ሽጉጥ ግሎክ 19 ሚባለው ነው፣ አምስተኛው ጀነሬሽን። (በነገራችን ላይ ጋስተን ግሎክ የኦስትሪያ ጦር በ1982 ሽጉጡን ሲቀበለው ከዛ በፊት የመጋረጃ ዘንግና ቢላዋ ነበር ሚሰራው፣ ሽጉጥ ሰርቶ አያውቅም፣ ሰውየው በ2023 ነው የሞተው።) ይሄ ሽጉጥ ሲገዛ ሳጥኑ ውስጥ የመያዣውን ጀርባ ሚያወፍሩ የፕላስቲክ ልባሶች አብረው ይመጣሉ፣ በነጻ ማለት ነው፣ ለትልቅ እጅና ለመካከለኛ እጅ። ከማቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከነላስቲኩ ነው የጣሉት። አሁን የአንድ ሰው መዳፍ ትልቅ ሆኖ መያዣው ሲያንሰው ጣቱ ምላጩን አልፎ ይገባና ሲስብ ሽጉጡን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ መዳፉ ትንሽ ሆኖ መያዣው ሲወፍርበት ደሞ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው ሚደርሰው፣ ሁለቱም ጥይቱን ከዒላማው ያወጡታል። ስለዚህ ሁለት መቶ ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት ሳጥኑን ክፈቱና በነጻ የመጣውን ሞክሩት። እጅ ሚያልበው ሰው ደሞ ሸካራ ቴፕ መያዣው ላይ ቢለጥፍ በቂው ነው።

አይኑ ላይ ግን ገንዘብ ቢወጣ አልቃወምም። ከአርባ አምስት አመት ያለፍን ሰዎች የቅርቡ ይደበዝዝብናል፣ ሽጉጥ ላይ ደሞ አይን ማረፍ ያለበት የፊቱ ማነጣጠሪያ ላይ ነው፣ እሱ ከአይናችን አንድ ክንድ ያህል ነው ሚርቀው። በማንበቢያ መነጽር ማነጣጠሪያው ይጠራና ዒላማው ይጠፋል፣ ስታወልቁት የተገላቢጦሽ። ሬድ ዶት ሚባለው ነገር የገላገለን ከዚህ ነው፣ ስላይዱ ላይ ሚቀመጥ ትንሽ መስታወት ነው፣ ቀይ ነጥቧ ዒላማው ላይ ያረፈች መስላ ትታያለች፣ አይናችሁን ዒላማው ላይ ታደርጋላችሁ በቃ። ነጥቧ ክብ መሆኗ ቀርቶ ተበትና እንደ ኮከብ ከታየቻችሁ እቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ለመመለስ አትሩጡ፣ በስልክ ካሜራ አሳልፋችሁ ፎቶ አንሷት፣ ፎቶው ላይ ክብ ከሆነች ችግሩ አስቲግማቲዝም ሚባለው የአይናችሁ ቅርጽ መዛባት ነው፣ የአይን ሀኪም ጋ ሂዱ።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይታችሁ በጣት ዳሳችሁ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ ነው ስራው ሚጀመረው። ብሎኖቹ በጣም ትናንሽ ናቸው፣ ዘይት ካለባቸው ጠርጎ፣ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ነክቶ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ በቶርክ መፍቻ ማጥበቅ ነው፣ በጉልበት ያጠበቀ ሰው የብሎኑን አንገት ቆርጦ ይቀመጣል። ከዛ የሚስታችሁን የጥፍር ቀለም ተበደሩና ከብሎኑ ራስ እስከ እቃው ድረስ ቀጭን መስመር አስምሩ። ተኩሳችሁ ስታበቁ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው፣ በአይን ይታያል። ማሰብ ማይወድ ሰው ጠመንጃ አንጥረኛ ጋ ወስዶ ከፍሎ ያሰራ፣ እዚህ አገር ሞልተዋል።

አሁን ሬንጅ፣ የተኩስ መለማመጃው ቦታ። የአብዛኛው የቤት ውስጥ ሬንጅ ርቀት 25 ያርድ ነው፣ ፌርፋክስ ያለው የኤን አር ኤ (የጠመንጃ ባለቤቶች ማህበር) ዋና መስሪያ ቤት ሬንጅ እስከ 50 ይደርሳል፣ እኛ ግን ለዚህ ስራ 10 ያርድ ይበቃናል። ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ ባለ ከረጢት ላይ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አምስት ትተኩሳላችሁ፣ አንድ ጥይት አይታችሁ ምንም አትንኩ፣ አምስቱ ቀዳዳ የት እንደተሰበሰበ ነው ሚታየው። ብዙዎቹ ሬድ ዶቶች ላይ አንድ ክሊክ (ማስተካከያዋ ብሎን ስትዞር አንዴ ቀጭ ስትል) 1 ኤምኦኤ ሚባል የማዕዘን ልክ ነው፣ ማለት በ100 ያርድ 1 ኢንች ገደማ፣ በ25 ያርድ ሩብ ኢንች፣ በ10 ያርድ የኢንች አንድ አስረኛ። ስለዚህ በ10 ያርድ 2 ኢንች ወደ ታች ከገባ ወደ ሀያ ክሊክ ወደ ላይ ነው፣ ሁለት ሶስቴ ቀጨም ቀጨም አድርጎ "ይሄ ነገር አይሰራም" ሚለው ሰው ሂሳቡን ስላልሰራ ነው።

ግን ማስተካከያውን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር። በቀኝ እጃቸው ሚተኩሱ ሰዎች ጥይታቸው ሁሉ ወደ ታችና ወደ ግራ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጡ ንጹህ ነው። ባለፈው የሰፈራችን ልጅ አብሮኝ ሄዶ፣ ቁመቱ መብራት እንጨት ሚያክል ጎረምሳ ነው፣ የሰው ምስል ያለበት ወረቀት ላይ በ7 ያርድ ይተኩሳል፣ ሁሉም በኛ በግራ በኩል የምስሉ ወገብ ላይ ይገባል። "ሳይቱ ጠሟል" ብሎ መፍቻ ሊያወጣ ሲል ቆይ አልኩትና በሱው ሽጉጥ አምስት ተኮስኩ፣ መሀል ገባ። አላመነም፣ አጋጣሚ ነው አለ። ከዛ ካዝናውን ወሰድኩና እሱ ዞሮ ሳለ ቀያዮቹን የፕላስቲክ ማስመሰያ ጥይቶች ከእውነተኛዎቹ ጋር ቀላቅዬ አጎረስኩለት፣ የትኛው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ተኮሰ፣ ጮኸ። ተኮሰ፣ ጮኸ። ሶስተኛው ላይ ቀዩ ደረሰ፣ ምላጩ ቀጭ አለ፣ ድምጽ የለም፣ አፈሙዙ ግን ብቻውን ወደ መሬት ሰገደ። ምንም ነገር ሳይራገጥበት ማለት ነው! ልጁ ሽጉጡን አስቀምጦ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አጠገባችን ያለው ሬንጅ ኦፊሰር ሳይቀር ሳቀ። እርግጫውን ፈርቶ ጥይቱ ሳይወጣ ቀድሞ ይጫነዋል። ይሄን ደሞ ምንም አይነት ወርቅማ አፈሙዝ አያስተካክለውም፣ ማስመሰያ ጥይት ግን በጥቂት ዶላር ይገዛል፣ ቤት ውስጥም ያለ ጥይት ባዶውን ምላጭ እየሳቡ መለማመድ ነጻ ነው።

ሌላ፣ ቤት ምታስቀምጡትን ጥይት ራሱን ሬንጅ ላይ ሞክሩት። ለልምምድ ሚተኮሰው ርካሹ ጫፈ ድፍን ነው፣ ሰው ለቤት ሚገዛው ጫፈ ክፍቱ (ሆሎው ፖይንት) ነው፣ ውድ ስለሆነ ማንም አይተኩሰውም፣ እዛው ሳጥኑ ውስጥ አመታት ይቀመጣል። ሽጉጣችሁ እሱን ሳይነክስ ማጉረሱን በምን አወቃችሁ? ሁለቱም ቢሆኑ ደሞ የአፓርታማ ግድግዳ አያቆማቸውም፣ ከዛ ማዶ የጎረቤት ልጅ አልጋ ሊኖር ይችላል፣ ሽጉጡ የት ቁጭ ብሎ ወደየት እንደሚያይ ቀድሞ ማሰብ ነው።

ምላጩን አትንኩ። ከፋብሪካ ሲወጣ 5 ፓውንድ ተኩል አካባቢ ነው ሚስበው፣ ሰዉ ከበደኝ ይልና ከኢንተርኔት ቀላል ስፕሪንግ አዞ ቪዲዮ እያየ ይቀይራል። ግሎክ በአውራ ጣት ሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፣ ሶስቱም ሴፍቲዎች ምላጩ ላይና ውስጡ ናቸው፣ እሱን ሚነካካ ሰው ምን እየነካ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስዊች ሚባለውን፣ ግሎክን እንደ መትረየስ ሚያስተፋውን ቁራጭ ደሞ ማንም "ስጦታ" ብሎ ቢሰጣችሁ እጃችሁ አይንካው፣ በፌደራል ህግ ሽጉጡ ላይ ባይገጠምም ቁራጩ ብቻውን መትረየስ ነው፣ እስከ 10 አመት ያስቀጣል፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደሞ በጦር መሳሪያ ወንጀል መፈረዱ ብቻውን ለመባረር ይበቃል። ስንት አመት ዲቪ ሞልቶ የመጣ ሰው ለዚች ብሎ!

ህጉ ላይ ሚያስፈራኝ ድልድዩ ነው። እኛ ምንኖረው ሶስት ህግ መሀል ነው፣ ሰው ግን አንድ ከተማ ይመስለዋል። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ሊሄድ የዉድሮ ዊልሰንን ድልድይ ሲሻገር ሽጉጡ ዳሽቦርድ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ ትዝ ያለው ሰው አቃለሁ፣ እዛ ማዶ የቨርጂኒያ ፈቃድ ወረቀት አያድንም። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት ስልጠና ያለው የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ዲሲ ከ2008ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የሽጉጥ እገዳዋን ብታነሳም ምዝገባዋ አለ፣ ቨርጂኒያ ደሞ ከ2020 ወዲህ በ30 ቀን ከአንድ ሽጉጥ በላይ ለአብዛኛው ሰው አትሸጥም። ወደ ሬንጅ ስትሄዱም ባዶውን፣ ተቆልፎ፣ ትራንክ ውስጥ። ኡበርና ሊፍት ምትሰሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሁለቱም ካምፓኒዎች መኪና ውስጥ ሽጉጥ ይከለክላሉ፣ ህጉ ቢፈቅድላችሁ እንኳ አካውንታችሁ ይዘጋል። እና ማንም ማይናገረው ነገር፣ ስትገዙ ምትሞሉት ፎርም 4473 የተከለከለ እጽ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደሞ በፌደራል ህግ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚቅም ሰው "አልጠቀምም" ብሎ ሲፈርም ምን እየፈረመ እንደሆነ ይወቅ።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶችም "ያቺን ቀይ ነጥብ ላክልን" ማለት ጀምረዋል። ያለ ፈቃድ የሽጉጥ እቃ በሻንጣ መላክ ከዚህም በኩል ያስይዛል፣ እዛም የጦር መሳሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በኛ አቆጣጠር) አለ፣ ተቀባዩንም ነው ምታስሩት፣ ብር ላኩላቸው።

ከሬንጅ ስትወጡ ደሞ ታጠቡ። ይሄን ሚጽፍ የለም። ከጥይቱ ጭስ ጋር የእርሳስ ብናኝ ይወጣል፣ እጅና ልብስ ላይ ይቀራል፣ ፈረንጁ በሹካ ይበላል፣ እኛ ግን ከሬንጅ በቀጥታ ምግብ ቤት ገብተን በዛው እጅ እንቆርሳለን እናጎርሳለን። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ደህና አድርጎ ማሸት ነው፣ ጃኬቱን ከልጆች ልብስ ጋር አለማጠብ፣ ጫማውን ደጅ መተው። ጆሮም እንደዛው፣ ዘጠኝ ሚሊሜትር ወደ 160 ዴሲቤል ነው ሚጮኸው፣ ቤት ውስጥ ሬንጅ ላይ የስፖንጁን ውታፍ ከውስጥ፣ የጆሮ መሸፈኛውን ከላይ ደርቡት።

እናንተን ምጠይቀው ይሄን ነው፣ አንድ ገጽ ስጡን። የሶስቱን ግዛት ህግና የፎርም 4473ን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በአማርኛ አውጡልን፣ ህግ ይቀያየራልና በየአመቱ አድሱት። የሬንጁን ክፍል እኔ ያለ ክፍያ ልጽፍላችሁ እችላለሁ፣ የህጉን ግን ጠበቃ ይጻፈው።

አክባሪያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ